አረንጓዴ ሻይና የእግር ጣቶች

ባለፈው ወር የሥራ አልጋዬን ሰጠሁት። ሰው የሚጋደምበት፣ ራስጌው ከፍ ዝቅ የሚል ነጭ አልጋ ነው፤ የስንት ሰው ፊት ታጥቦበታል። ዲሞና ከተማ አዲስ ክፍል የከፈተች ወጣት ከባሏ ጋር መጥታ ወሰደችው። በሩ አላሳልፍ ብሏቸው እግሮቹን ፈትተው በጎኑ አወጡት። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ "ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ" ከማለት በቀር አልረዳኋቸውም። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ከብርዱ ወራት ወዲህ አልታጠፍ ብለዋል። በቁፓት ኾሊም፣ በጤና መድኑ ክሊኒክ፣ ያለችው ሐኪሜ የአጥንቱን ፎቶ አይታ፣ ይሄ ከእንግዲህ የሰው ፊት የሚነካ እጅ አይደለም፣ ይብቃሽ አለችኝ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ብዙም አልተከራከርኳት።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ግን በጡረታ ትካዜ አይደለም፤ በንዴት ነው። አሁን አረንጓዴ ሻይ ፋሽን ሆኗል። የወንድሜ የልጅ ልጅ ስልኳን ታመጣና፣ አንዲት ኮረዳ ፊቷን አረንጓዴ ለቅልቃ ስትስቅ ታሳየኛለች። ማድያት ያጠፋል፣ ብጉር ያደርቃል፣ አሮጊት ያስጎረምሳል ይላሉ። ደግሞ በዕብራይስጥ፣ ዶዳ ቶቫ፣ አክስት ቶቫ ማለቷ ነው፣ አንቺም ይሄን ታውቂዋለሽ እንዴ ትለኛለች። አይ ልጅ! እኔ አረንጓዴ ሻይ በሰው ፊት ላይ ሳስቀምጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። የቀላ ቆዳ ያበርዳል፣ ያበጠ ዓይን ያሳርፋል፣ ወዝ የበዛበትን ፊት ትንሽ ሰብሰብ ያደርጋል። ማድያት አያጠፋም። ጥቁሩን ቀይ አያደርግም። የሰው ጥፋትም አያጥብም፤ እሱን ደግሞ ሞክሬ ነው ያወቅሁት።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣሁት የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ነው። ስንመዘገብ ስሜን ሲተረጉሙልኝ "ጥሩ" የሚለውን ይዘው ቶቫ አሉኝ፤ ወርቁን እዚያው አስቀሩት። በሥራ ቦታ እስከ መጨረሻው ቶቫ ነበርኩ። መጀመሪያ ሦስት ዓመት ጠርሙስ በሚያሽግ ፋብሪካ ሠራሁ። ስለሱ የምለው የለኝም፤ ጠርሙስ ጠርሙስ ነው። ከዚያ አንዲት ጎረቤቴ፣ የቤር ሼቫ አሮጌው ከተማ ውስጥ ፊት የምታክም ሴት ጽዳት የሚሠራላት ትፈልጋለች ብላ ወሰደችኝ።

ሴትየዋ ዞያ ትባላለች፤ የታሽከንት ሰው ናት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ክንዷ የዳቦ ጋጋሪ ክንድ ነበር። በአገሯ የቆዳ ሐኪም ቤት ነርስ ነበርኩ ትላለች። ሱቋ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ መጠበቂያ፣ አንዱ መሥሪያ። ጠዋት እንደገባች መጀመሪያ የምታደርገው አረንጓዴ ሻይ ማፍላት ነው፤ ስኳር የለ፣ ምን የለ፣ ጆሮ በሌለው ትንሽ ሳህን ትጠጣዋለች። ለእኔም ቀዳችልኝ። የድርቆሽ ውሃ መሰለኝ። እንዳይከፋት ብዬ ጨለጥኩት፤ ወደድሽው ብላ ደገመችኝ። ይሉኝታዬ ገና ያን ዕለት ነው ሥራ የጀመረው።

የመጀመሪያውን ውሃ ትጠጣለች። በዚያው ቅጠል ላይ ሁለተኛ ውሃ ትጨምርና ለደንበኞቿ ፊት ታስቀምጣለች። የመጀመሪያው ለሆድ፣ ሁለተኛው ለፊት፤ ሁለተኛው ለዘብ ይላል፣ ቆዳ አይከረክርም ነበር የምትለው። የፈላ ውሃ ቅጠሉ ላይ በፍጹም አታፈስም። ማንቆርቆሪያውን ከእሳት አውርዳ፣ ጎኑን በመዳፏ ይዛ እስከ አምስት መቁጠር ስትችል ነው የምትጨምረው። ከዚያ አጥልላ መስኮት ሥር ታሳርፈዋለች። ጎዝ የሚባለውን ስስ ፋሻ አራት እጥፍ አጥፋ ትነክርና፣ ጠብታ እስከማይወርደው ትጨምቀዋለች። ፊት ላይ ስታስቀምጠው ከግንባር ጀምራ ወደ ታች ነው፤ አፍንጫ መቼም አትሸፍንም። ፎጣ ላይ ከነካ አይለቅም። አጣቢዋ እኔ ስለሆንኩ፣ ከመድኃኒትነቱ በፊት ያወቅሁት እድፍነቱን ነው።

ሁለት ዓመት ወለል ወለወልኩ። አንድ ቀን ዞያ እጄን ሳብ አድርጋ ጉንጯ ላይ አስቀመጠችውና ዓይኗን ጨፈነች። በማግሥቱ መጥረጊያውን አስቀምጪው፣ ነጭ ጋውን ልበሺ አለችኝ። ኮርስ አስገባችኝ፤ ዕብራይስጡ አንገቴን ይዞኝ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፣ በሦስተኛው ቴዑዳዬን፣ ማለትም የምስክር ወረቀቴን ያዝኩ። ፍሬም አድርጋ ግድግዳ ላይ ከራሷ ወረቀት ጎን ሰቀለችው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከለሃቪም፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ በራሷ መኪና የምትመጣ የጥርስ ሐኪም ሚስት ነበረች። ስታየኝ፣ ወለሉን ስትጨርሺ ባለሙያዋን ጥሪልኝ አለችኝ። ዞያ ከመጋረጃው ኋላ ሆና፣ ዛሬ ባለሙያዋ እሷ ናት፣ ጫማሽን አውልቀሽ ተጋደሚ አለቻት። ተጋደመች። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ሁለተኛው የሻይ ጨርቅ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደንበኛዬ ሆና ቀረች፤ ያን ቀን የተናገረችውን አንዳችንም አንስተነው አናውቅም።

አሁን ስለ እግር ጣት ልናገር። ዞያ ደንበኛ ስታጋድም ብርድ ልብስ ታለብሳለች፣ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው። ጫማም ካልሲም ይወልቃል፤ ብርድ ነው፣ ሙቀት ነው የለም። እሷ በራስጌ ቆማ እጇ ፊት ላይ ይሠራል፣ ዓይኗ ግን ከወዲያ ጫፍ ላይ ነው። የእግር ጣቶቹ ከተኮማተሩ ምንም ሳትጠይቅ የቀባችውን ታጥባለች። እኔ ይሄ ነገር ያስቀኝ ነበር። ለምን ዝም ብለሽ አትጠይቂያቸውም፣ ያምማል ወይ አትያቸውም ስላት፣ በዚያ ስብርብር ዕብራይስጧ እንዲህ አለችኝ፦

"አፍ ጨዋ ነው። ጨዋ ደግሞ ይዋሻል። የእግር ጣት ጨዋነት አያውቅም።"

ሌላው ሕጓ የጆሮ ጀርባ ነው። አዲስ ነገር ፊት ላይ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ከጆሮ ጀርባ ይቀባል፤ ሁለት ቀን ይጠበቃል። ደንበኛዋ ብትቸኩልም፣ ብትቆጣም፣ ሁለት ቀን ነው። ሁለቱንም ሕግ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ማወቅ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ።

የዞያ ጉልበት ሲደክም ሱቁ ተዘጋ። እኔ አንድ ዓመት በገበያ ማዕከል ውስጥ ባለ ትልቅ የውበት ቤት ተቀጠርኩ። አለቃዬ የሰው ፊት አጥቦ የማያውቅ ጎልማሳ ነበር፤ በጣታችን መዳሰሱን ትተን በደቂቃ እንድንሠራ ይፈልጋል። ለጥቁር ሴቶች ሁሉ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ሽጪ አለኝ። እኔ ራሴ ጥቁር ነኝ፣ ቢሠራ ኖሮ መጀመሪያ በእኔ ይታይ ነበር ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ አንዱን የልጆች ክፍል አጽድቼ የራሴን ከፈትኩ። ጊዜው ጥሩ ነበር፤ ከሩሲያም፣ ከሞሮኮም፣ ከእኛም ሴቶች ይመጡ ነበር። የእኛ ሴቶች አመጣጣቸው እንደ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሁለትና ሦስት ሆነው፣ አንዷ ስትጋደም ሌሎቹ ዳር ተቀምጠው ይመክራሉ።

አሁን ወደ እማማ ፈንታዬ ልምጣ። እስካሁን ያላነሳኋቸው ስሸሽ ነው።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም የወንድሜ የአስረስ ልጅ ሊያት ልትዳር ሆነ። ሙሽራው ጨዋ፣ ሠራተኛ ልጅ ነው። የእሱ ቤተሰብ ከእኛ በጣም ዘግይቶ ከጎንደር የመጣ ነው፤ አያቶቻቸው የእኛው የአይሁድ ዘር ሆነው፣ ልጆቹ በክርስትና ያደጉ፣ እዚህ መጥተው ወደ አይሁድነት የተመለሱ ናቸው። እናቱ እማማ ፈንታዬ ናቸው። ስድሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ሽኩና ሄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ የሕንፃ ደረጃ ያጸዳሉ። ግንባራቸው መሃል ላይ ከልጅነታቸው የተነቀሱት መስቀል አለ። እሳቸው ሻሻቸውን ዝቅ አድርገው ያስሩታል፣ ግን ይታያል።

በወንድሜ ቤት በዚያ መስቀል ብዙ ተወራ። ኹፓው ሥር፣ ሙሽሮቹ በሚባረኩበት ድንኳን፣ ሊቆሙ፣ ፎቶ ሊነሱ፣ ሽማግሌዎቻችን ሊያዩ ነው እየተባለ። ሊያት ምንም አላለችም፣ እሷ ግድም አልነበራት። ያልነው እኛ ነን። ያንን ቀን ለምን እኔ አላጠፋላቸውም ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁሉም እፎይ አለ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መስቀሉ ከእሳቸው ይልቅ እኔን ያሳፍረኝ ነበር፤ ከዚያ ወገን ጋር ስንጋባ ሰው ምን ይለናል የሚል ትንሽ፣ ክፉ ሐሳብ ሆዴ ውስጥ ነበር። አሁን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ንቅሳት በአሲድ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ቀለሙ ያለው ከሥር ነው፤ እኛ የምናነሳው የላዩን ሽፋን ነው። በሌዘር፣ በሐኪም እጅ ነው የሚወጣው፣ እሱም ብዙ ወር ይፈጃል። ሠርጉ ግን በሰባት ሳምንት ውስጥ ነበር። ቢያንስ ይደበዝዛል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አሲድ አለ፤ የሞተ ቆዳ ያነሳል። ከዞያ ሱቅ የመጣ ጠንካራው ጠርሙስ ነበረኝ። የተማርኩበት መጠንና ደቂቃ ሁሉ ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነበር። የእኛ ቆዳ ሲቃጠል እንደሚጠቁርና ጥቁረቱ ቶሎ እንደማይለቅ በወረቀቴ ላይ የለም፣ በራሴ እጅ ላይ ግን ከምድጃ የቀረ ጠባሳ አለ። እሱን ማየት በቂ ነበር።

እማማ ፈንታዬ መጡ። ጥሩ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለእኔ ደግሞ ዳቦ ይዘው ነው የመጡት። ተጋደሙ አልኳቸው። ጫማቸውን አወለቁ። ወፍራም ጥቁር ካልሲ አድርገዋል። ዞያ ብትሆን ካልሲውን ታስወልቅ ነበር። እኔ አሁን ታላቅ ሴት፣ የልጃችን አማት፣ እግርሽን ግለጪ ይባላል እንዴ ብዬ ተውኩት። ሲያፍሩም አይቻለሁ፤ ተረከዛቸው የተሰነጠቀ ነበርና እግራቸውን ወደ ብርድ ልብሱ ሰበሰቡ። ከጆሮ ጀርባም አልሞከርኩም። ሁለት ቀን ቆይተው ይመለሱ ለማለት አፈርኩ፤ ከሥራቸው ቀርተው ነው የመጡት። ክብር ብዬ የተውኩት ነገር ሁሉ ተደምሮ ጥፋት ሆነ።

አሲዱን ቀባሁ። ሰዓቱን ሞላሁ። ትንሽ ቆይቼ፣ "እማማ፣ ያቃጥላል?" አልኳቸው።

"ኧረ ምንም አይል፣ ልጄ።"

ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ አሉኝ። ሦስተኛ ብጠይቅ እንደ ሕፃን የቆጠርኳቸው መሰለኝና ተውኩት። የነቃሁት ግንባራቸው ላይ ውርጭ የመሰለ ነጭ ነገር ሲወጣ ነው። እሱ ሲታይ አሲዱ ጠልቆ ገብቷል ማለት ነው። ውሃ አፈሰስኩ፣ አሲዱን የሚያከሽፈውን ቀባሁ፣ ደግሜ አጠብኩ። እሳቸው ግን፣ ጨረስሽ እንዴ፣ እግዜር ይስጥሽ ብለው ቁጭ አሉ። ሲነሱ እግርጌውን አየሁት። አንሶላው ካልሲ ባደረጉት የእግር ጣቶቻቸው ተይዞ፣ ተጨራምቶ፣ ከፍራሹ ተነቅሎ ነበር።

በማግሥቱ ግንባራቸው አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ አደረ። ቁፓት ኾሊም አብሬአቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ማን እንዲህ አደረገሽ ሲላቸው እሳቸው የፈላ ውሃ ነው ሊሉ ጀመሩ። አቋረጥኳቸውና እኔ ነኝ አልኩ። ቅባት ሰጠን፣ ቆዳው እስኪገጥም ሌላ ነገር እንዳይነካው አለ። በዚያው ቀን ወደ ዞያ ቤት ሄድኩ፤ እሷም እዚያው ሽኩና ሄ ነበር ቤቷ። ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ጣቶቿን አይተሻል?"

"ካልሲ አድርገው ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሻይ አፈላች። ቆዳው ሲገጥም፣ ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ፣ በየቀኑ ሁለተኛውን ውሃ አቀዝቅዘሽ ታስቀምጪላታለሽ፤ ሌላ ምንም አትቀቢም አለችኝ። ያጠፋል ወይ ስላት፣ አያጠፋም፣ ያበርዳል፣ አንቺም በየቀኑ ታይዋለሽ አለች። በየቀኑ ማየቱ የበለጠ እንደሚያስፈልገኝ ገብቷት ነው።

የወንድሜ ቤት ሰዎች ሰሙ። አንዳንዱ እሷ ምን ታድርግ፣ ባያምማቸው ነው ዝም ያሉት አለ። አስረስ ደግሞ፣ ሠርጉ ይራዘም ይሆን እያለ ይጨነቅ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እዚህ የተገላቢጦሽ ሆነ። ወጊዋ እኔ እንቅልፍ አጣሁ፣ እሳቸው ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ለምን ከሳሽ፣ ምግብ አትበይም እንዴ ይሉኛል። ጥርሴን ነክሼ ብሰማው ይሻል ነበር፣ ቁጣ ቢሆን።

ቆዳው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገጠመ። ከዚያ በየቀኑ ከሰዓት በአውቶቡስ ሽኩና ሄ እሄዳለሁ፤ የሻይ ቅጠሌንና ጎዜን በቦርሳ ይዤ። እሳቸው ከደረጃ ጽዳት ገና መግባታቸው ነው። እዚያው አፈላለሁ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ሁለታችን እንጠጣለን። ምሬቱን እንደማይወዱት ከፊታቸው ይታወቃል፣ ግን ጭልጥ ያደርጉታል። ሁለተኛውን መስኮት ላይ አበርደዋለሁ። ግንባራቸው ዙሪያውን ጠቁሮ ነበር፣ የእጅ መዳፍ ያህል። መስቀሉ ግን መሃሉ ላይ እንዳለ አለ፤ ምንም አልሆነም። ያን ሁሉ አድርጌ እሱን አልነካሁትም።

በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ቀን፣ ጨርቁን ከማስቀመጤ በፊት ቆም አልኩ። በአገራችን ከመንገድ የመጣ ታላቅ ሰው እግሩ ይታጠባል፤ ይህን እኔም እሳቸውም ተምረን ነው ያደግነው። እኔ ግን በሥራ ክፍሌ ውስጥ ክብር ማለት እግራቸውን አለማየት መስሎኝ ነበር። ሞኝ! ጎድጓዳ ሳህን ፈለግሁና፣ እማማ እግርዎን ልጠብዎ አልኳቸው። ኧረ በገዛ እጄ፣ ኧረ አታድርጊው ብለው ተግደረደሩ። በዚህ አልተሸነፍኩም። ካልሲያቸውን አወለቅሁ። የተረፈውን የሻይ ውሃ ለብ አድርጌ እግራቸውን አጠብኩት፤ ተረከዛቸውን፣ ስንጥቁን፣ በጣቶቻቸው መሃል። ከዚያ አጋድሜ ግንባራቸው ላይ ጨርቁን አስቀመጥኩና በራስጌ ቆምኩ። ጣቶቻቸው ባዶአቸውን ከፊቴ ነበሩ። ተዘርግተው ነበር። ያን ጊዜ ነው ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት።

"እማማ፣ ያን ዕለት አቃጥሎዎት ነበር አይደል?"

"እንደ እሳት ነበር" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ዓይናቸው በጨርቁ ጠርዝ ሥር ተጨፍኗል። እናታቸው ከእሳቸው በፊት ሦስት ልጅ እንደሞተባት፣ አራተኛዋን ሞት እንዳያይብኝ ብላ ጥላሸትና መርፌ ይዛ ለነቃሽ እንደሰጠቻቸው ነገሩኝ። ያደረገችው ስለ ሃይማኖት አይደለም፣ ስለ ልጅ ነው አሉ። ከእናታቸው የቀረላቸው ነገር እሱ ብቻ ነው። መጥፋቱን ፈልገውት እንደማያውቁም ነገሩኝ። ከዚያ ለጥያቄዬ መልሱን አመጡት፦

"እናንተ ቀድማችሁ የመጣችሁ ናችሁ። እንድትወዱን ብዬ ነው፣ ልጄ።"

አለቀስኩ። ጨርቁን ላስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ፣ እንባዬ ግን ጆሯቸው ላይ ወደቀ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ይቅር ብያለሁ ብለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጄን መታ መታ አደረጉኝ። ብዙ ሰው ይቅርታ ጠይቄ አውቃለሁ፤ የዚያን ያህል የከበደኝ የለም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ጥቁረቱ በግማሽ ለዝቧል እንጂ አልጠፋም። ሦስት ሱቅ ዞሬ ለቆዳቸው የሚስማማ መሸፈኛ ቀለም አግኝቼ ነበር። ከፍቼ በጣቴ ነካ አድርጌ ወደ ግንባራቸው ስጠጋ እጄን ያዙ።

"አይሆንም" አሉኝ። "አልፈልግም።"

እማማ ፈንታዬ ለእኔ እንቢ ሲሉ ያ የመጀመሪያው ነው። ቀለሙን ዘጋሁት። ሻሻቸውን ከግንባራቸው ከፍ አድርጌ፣ አሳምሬ አሰርኩላቸው። ኹፓው ሥር እንደዚያው ቆሙ፤ ጥቁረቱም መስቀሉም እየታየ። አንዳንድ ሽማግሌ አየ፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን ጎሸም አደረገ። ሊያት ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመች። ፎቶው ዛሬም ወንድሜ ቤት ግድግዳ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር ቢኖር አሠራሬ ነው። የጠንካራውን አሲድ ጠርሙስ ወደ ፋርማሲ መልሼ አስጣልኩት። በክፍሌ መጀመሪያ እግር ይታጠባል፤ ሩሲያዊትም ትሁን የለሃቪም ሀብታም፣ ካልሲ ይወልቃል፣ በለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ፊት። አንዳንዷ ፊቴን ልትሠሪ እግሬን ምን ታደርጊዋለሽ ትለኛለች፤ የአገሬ ወግ ነው እላታለሁ። ውሸት የለውም። ከጆሮ ጀርባ ሳልሞክር፣ ሁለት ቀን ሳልጠብቅ ማንንም ነክቼ አላውቅም። የእኛ ሴቶች ምንም አይል ሲሉኝ ደግሞ አልሰማቸውም፤ ወደ ታች ነው የማየው። ዞያ ከስድስት ዓመት በፊት ሞተች። ልጇ ያንን ጆሮ የሌለውን ሳህኗን ሰጠችኝ።

አልጋው በተወሰደ ማግሥት እማማ ፈንታዬ መጡ። አሁን ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ ከሽኩና ሄ እስከ ዩድ አሌፍ በሁለት አውቶቡስ፣ ምርኩዝ ይዘው። ባዶውን ክፍል አዩት። እጄን እንድዘረጋ አዘዙኝ። የታጠፉትን ጣቶቼን ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ ወጥ ቤቴ ገብተው ሲንጎዳጎዱ ሰማሁ። ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ፤ አረንጓዴ ሻይ ነው። ስቄ፣ ለቁርጥማት አይሠራም እማማ፣ እሱ ለፊት ነው አልኳቸው። ዝም በይና እጅሽን አስቀምጪ አሉኝ። ሁለቱንም እጄን ነከርኩ።

ውሃው አልበረደም ነበር። መዳፋቸው ደንድኖ ትኩሱን አላወቁትም። ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉና ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ።

"ያቃጥላል?" አሉ።

ምንም አይል ልላቸው አፌ ተከፈተ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጥተው፣ በእጃቸው አፍልተውልኝ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ። ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ነበር፤ የእግር ጣቶቼ ምንጣፉን ጨምድደው ይዘዋል።

"አዎ፣ እማማ" አልኳቸው። "ያቃጥላል።"

ተነሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አመጡና ቀስ እያሉ ጨመሩበት።